የጆሮ ማዳመጫ እንዴት ይመረጣል? ሳጥኑ የማይነግረንና ጆሯችን የሚነግረን

ፒያሳም ይሁን ሜክሲኮ፣ የስልክ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ገብቶ የጆሮ ማዳመጫ ለሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው ስለ ባስ ነው። «ባሱ ኃይለኛ ነው» ይባላል፤ ሳጥኑ ይገለበጥና ቁጥሮቹ ይታያሉ፤ ከዚያ ዋጋ ይጠራል። ብዙ ጊዜ ዕቃው ጆሮ ላይ ሳያርፍ ሽያጩ ያልቃል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ዋጋ እንደ ድሮው አይደለም። ሳይሞክሩ ገዝቶ በሳምንቱ መሳቢያ ውስጥ መወርወር ኪስ የሚጎዳ ነገር ሆኗል።

ብዙ ገዢዎች ምቾትንና የድምፅ ጥራትን ለየብቻ ይመዝናሉ። «ትንሽ ያመኛል፣ ድምፁ ግን ጥሩ ነው» የሚሉ አሉ። ነገሩ ግን እንዲህ ተነጣጥሎ አይሄድም። ጆሮ ላይ በትክክል ያልተቀመጠ ማዳመጫ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን የተሠራበትን ድምፅ ሊሰጥ አይችልም። ምክንያቱን ለማየት ከውስጡ እንጀምር።

ከውስጥ ምን አለ?

በአብዛኞቹ ማዳመጫዎች ውስጥ ያለው አሠራር አንድ ዓይነት ነው። ማግኔት አለ፤ ከማግኔቱ አጠገብ በጣም ቀጭን የሽቦ ጥቅል አለ፤ ጥቅሉ ከአንድ ስስ ገለፈት ጋር ተጣብቋል። ከስልኩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሽቦው ውስጥ ሲያልፍ ጥቅሉ በማግኔቱ ይሳባል፣ ይገፋል። ገለፈቱም አብሮ ይንቀሳቀስና አየሩን ያርገበግባል። ያ የአየር እርግብግቢት ነው ጆሮ ውስጥ ገብቶ ድምፅ የሚሆነው።

ጆሮን ሙሉ በሙሉ በሚከብቡት ላይ የገለፈቱ ስፋት ብዙውን ጊዜ 40 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ በሚገቡት ላይ ግን 10 ሚሊሜትር ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ይሆናል። ይህ ማለት ግን ትልቁ ሁልጊዜ ይበልጣል ማለት አይደለም። ትንሿ ገለፈት ከጆሮ ታምቡር ጋር የምትገናኘው በጣም ጥቂት በሆነ አየር በኩል ስለሆነ፣ ያንን አየር ለማንቀሳቀስ ብዙ አቅም አያስፈልጋትም።

የሳጥኑ ቁጥሮች ምን ይነግሩናል?

በጣም ጥቂት ነገር። «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» የሚለው ጽሑፍ በርካሹም በውዱም ሳጥን ላይ አለ። ኸርዝ ማለት አየሩ በአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚለካበት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ወፍራም፣ ሲበዛ ቀጭን ይሆናል። ጤነኛ የወጣት ጆሮ የሚሰማው ከሞላ ጎደል ከ20 እስከ 20,000 ያለውን ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ የላይኛው ወሰን እየወረደ ይመጣል። ስለዚህ ሳጥኑ የሚነግረን ማዳመጫው የሰው ጆሮ የሚሰማውን ይሸፍናል የሚል ነው። የቱን አጉልቶ የቱን እንደሚያደበዝዝ ግን አይናገርም፤ የድምፅ ጥራት ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። «እስከ 40,000 ኸርዝ» የሚል ምልክት ካለም የተጨመረው ክፍል ማንም ሰው ከሚሰማው በላይ ነው።

ሊነበብ የሚገባው ቁጥር ኦም ነው። ማዳመጫው ለኤሌክትሪክ የሚያሳየውን ተቃውሞ ይለካል። 16 ወይም 32 ኦም የሆነ ማዳመጫ በስልክ ያለችግር ይሠራል። 250 ወይም 300 ኦም ከሆነ ግን ብዙ ስልኮች በቂ ጉልበት ስለማይሰጡት ድምፁ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ቤየርዳይናሚክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ዲቲ 770 የሚባለውን አንድ ማዳመጫ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ለይቶ ይሸጣል። መልካቸው በጣም ይመሳሰላል። ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ የማዳመጫውን ስም ብቻ ነግሮ ማስገዛት አደጋ ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለቀረጻ ስቱዲዮ የታሰበው 250 ኦም ሊመጣ ይችላል።

አንዱ ማዳመጫ ለእኔ ጥሩ፣ ለጓደኛዬ ባዶ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። ወፍራም ድምፅ የሚፈጠረው በዝግታ በሚገፋና በሚሳብ አየር ነው። በማዳመጫውና በጭንቅላታችን መካከል ክፍተት ካለ አየሩ ገለፈቱ ሲገፋው በክፍተቱ ይወጣል፣ ሲስበው ይገባል፤ ታምቡሩ ጋ የሚደርሰው ግፊት ይጠፋል። ቀጭን ድምፅ በዚህ መንገድ አይሸሽም። እንጀራ ሲጋገር አክንባሎው በምጣዱ ዙሪያ ገጥሞ ካልተቀመጠ እንፋሎቱ አምልጦ እንጀራው እንደሚደርቅ ሁሉ፣ ያልገጠመ ማዳመጫም ባሱን አስመልጦ የሚያንቃጭለውን ብቻ ያስቀራል። ገዢውም «ባስ የለውም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ባሱ ግን ተፈጥሮ በጆሮው ሥር ወጥቷል።

ክፍተቱ ከየት ይመጣል? ከመነጽር ዘንግ፣ ከሹሩባ፣ ከአገጭና ከጉንጭ አጥንት ቅርጽ ይመጣል። መነጽር የሚያደርግ ሰው ስፖንጁ ለስላሳና ወፈር ያለ እንዲሆን መፈለግ አለበት፤ ጠንካራ ስፖንጅ ዘንጉን ከቦ መግጠም ስለማይችል ክፍተት ይተዋል፣ ዘንጉንም ጆሮ ላይ ተጭኖ ያሳምማል። ሻሽ ወይም ሂጃብ ለምታደርግ ሴት ደግሞ ጨርቁ ቀጭኑን ድምፅ ያፍናል፣ አየሩንም ያስወጣል። ከጨርቁ ሥር ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ዓይነት ብትመርጥ ችግሩ ይቃለላል።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ዘፈን ከፍተው ሁለቱን ጽዋዎች፣ ማለትም ጆሮን የሚሸፍኑትን ክፍሎች፣ በመዳፍዎ ቀስ ብለው ወደ ጆሮዎ ይጫኑ። ባሱ በድንገት ከፍ ካለ ማዳመጫው ለእርስዎ ጭንቅላት አልገጠመም ማለት ነው። ልዩነቱ እምብዛም ካልሆነ ገጥሟል።

ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ ለሚገባው ዓይነት ሁሉ ነገር ያለው ጎማው ላይ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማዎች ይመጣሉ፤ ብዙ ሰው ግን ፋብሪካው የገጠመለትን መካከለኛውን ሳይቀይር ዕድሜውን ይጨርሳል። የአንድ ሰው ሁለት ጆሮዎች እንኳን እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፤ ለቀኝ ትልቅ፣ ለግራ መካከለኛ ማድረግ ምንም ነውር የለበትም። ሲያስገቡት በሌላኛው እጅ የጆሮዎን ላይኛ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉት፤ ቀዳዳው ቀጥ ይልና ጎማው በቦታው ይገባል። በደንብ ሲገባ የራስዎ ድምፅ ጭንቅላትዎ ውስጥ ታፍኖ ይሰማዎታል፣ የመንገዱም ጫጫታ ራቅ ይላል። ያ ካልሆነ ጎማው አልያዘም።

ለረጅም ሰዓት የማያሳምመው የትኛው ነው?

ሦስት ዓይነት አለ፤ ጆሮን ከብቦ ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ፣ ጆሮው ላይ ራሱ የሚጫን፣ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ። ጆሮ ላይ የሚጫነው ቀላልና ተጣጣፊ ቢሆንም የጆሮን ልም አጥንት ስለሚጨፈልቅ ከአንድ ሰዓት በኋላ ብዙ ሰው ያማርርበታል። በእኔ ግምት ቀኑን ሙሉ በጥሪ ማዕከል ወይም በትርጉም ሥራ ለሚያሳልፍ ሰው ይህ መመረጥ የለበትም።

ጆሮን የሚከብበውን የመረጠ ሰው ቀዳዳውን በዓይኑ ይለካ። የአዋቂ ሰው ጆሮ ርዝመት ብዙውን ጊዜ ከ6 ሴንቲሜትር ከፍ ይላል። የስፖንጁ ውስጠኛ ቀዳዳ ከዚያ ካጠረ ጆሮው ታጥፎ ይገባል። ጥልቀቱም አይረሳ፤ የጆሮው ጫፍ በውስጥ ያለውን ፕላስቲክ ከነካ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ማቃጠል ይጀምራል።

ክብደትም አለ። 250 ግራም የሚመዝን ማዳመጫ በአናት ላይ መኖሩ ይረሳል። ኤርፖድስ ማክስ የሚባለው የአፕል ማዳመጫ ግን 385 ግራም ገደማ ነው፤ አንገት ደፍቶ ለሚያነብ ሰው ያ ልዩነት ከሰዓት በኋላ ይሰማል። በአናት ላይ የሚያልፈው ቅስት ክብደቱን አንድ ነጥብ ላይ ሳይሆን ሰፋ አድርጎ ማሳረፍ አለበት። አዲስ ማዳመጫ ጠበቅ ብሎ ቢይዝ አያስደንቅም፣ እየዋለ ይላላል፤ ግን ጥብቀቱ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ጉንጭን ወይም ጆሮ ግንድን የሚያሳምም ከሆነ ይላላል ብሎ ተስፋ ማድረግ አያዋጣም።

ጀርባቸው ክፍት የሆኑ ማዳመጫዎችም አሉ። አየር ስለሚያስገቡ ጆሮ አያልብም፤ ድምፃቸውም ከጭንቅላት ውጭ እንዳለ ሆኖ ሰፋ ይላል። ግን የውጭው ወደ ውስጥ፣ የውስጡም ወደ ውጭ ይሰማል። ጸጥ ባለ ክፍል ለብቻው ለሚያዳምጥ ሰው ይሆናሉ፤ ለታክሲና ለቢሮ አይሆኑም።

«ጥሩ ድምፅ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ወፍራሙ፣ መካከለኛውና ቀጭኑ ድምፅ አንዱ ሌላውን ሳይውጠው ሲሰማ ነው። ይህን ለመፈተን ከሀገራችን የሙዚቃ መሣሪያዎች የተሻለ አላውቅም።

በገናን እንውሰድ። 10 አውታሮች አሉት፤ በሁዳዴ ጾም ከየቤቱ የሚሰማው ያ ጎርናና ድምፁ ነው። ጎርናናነቱ ግን ግማሹ ነው። አውታሮቹ በሚያርፉበት ብርኩማ ላይ እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ፤ አውታሩ ሲነካ ቆዳውን እየዳሰሰ ያንን የሚነዝር፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ይፈጥራል። አንድ ጊዜ ሲነካ ወፍራሙ መሠረትና ከላዩ ያለው ንዝረት በአንድነት ይወጣሉ ማለት ነው። ባሱ ያለ ልክ የተጋነነ ማዳመጫ ጎርናናውን ያሳብጥና ንዝረቱን ይቀብረዋል፤ በገናው ከግድግዳ ጀርባ እንዳለ ይሆናል። ባስ የሌለው ደግሞ ንዝረቱን ብቻ አስቀርቶ በገናውን የተላላ ሽቦ ያስመስለዋል። ሁለቱም በየቦታቸው ከተሰሙ፣ ደርዳሪው ጣቱን ከአንዱ አውታር ወደ ሌላው ሲያሻግር ከለዩ፣ ያ ማዳመጫ ለሌላውም ሙዚቃ አያሳፍርም።

መሲንቆ ደግሞ መካከለኛውን ድምፅ ይፈትናል። ከፈረስ ጭራ የተሠራው አንድ አውታር በደጋኑ ሲታሽ ድምፁ ከሰው ድምፅ ጋር ይቀራረባል። መካከለኛውን ድምፅ ያለ ልክ የሚያጎላ ማዳመጫ መሲንቆውን ጆሮ የሚወጋ ያደርገዋል።

ለንግግርም ያው ነው። የቀድሞው የስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነበር፤ ሰው ግን ተደማምጧል። የንግግር ሕይወት ያለው መሃል ላይ በመሆኑ ነው። ዜና፣ ትረካ ወይም ስብከት የሚያዳምጥ ሰው ስለ ባስ መጨነቅ የለበትም፤ ጠ፣ ቀ እና ጨ ሳይደበዝዙ፣ ሰ እና ሸ ደግሞ ሳያፏጩ መውጣታቸውን ይስማ። በ1960ዎቹ በሸክላ የታተሙ ዘፈኖችን የሚወድ ሰውም ቀጭኑን ድምፅ ከሚያጎላ ማዳመጫ ይራቅ፤ የሸክላውን ፍሽታ ከዘፋኙ ድምፅ በላይ ያሰማዋል። ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ስልክ ሲገለበጥ የጠፋውን ድምፅ ግን የትኛውም ማዳመጫ አይመልሰውም።

ሱቅ ውስጥ እንዴት ልሞክር?

በደንብ በሚያውቁት ዘፈን ይሞክሩ፤ ስልክዎ ላይ አውርደው ይያዙት። ሻጩ የሚያሰማዎት ዘፈን ለዕቃው ተመርጦ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ማዳመጫ ሲያወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል ያድርጉ። የሰው ጆሮ ከሁለት ተመሳሳይ ድምፆች ከፍ ያለውን «የተሻለ» ብሎ የመፍረድ ጠባይ አለው። ሌላም አለ፤ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ወፍራሙን ድምፅ ከመሃለኛው ይልቅ አሳንሶ ይሰማል። እነዚህ ሁለት ነገሮች ተደማምረው ነው ባሱ የተጋነነ ማዳመጫ በጫጫታማ ሱቅ ውስጥ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው። ቤት ገብተው ጸጥ ባለ ክፍል ሲያዳምጡት ግን ያ ያስደሰተዎት ባስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያሰለቻል።

ከዚያ አንድ ሰው ብቻ የሚናገርበትን ቅጂ ይክፈቱ። ድምፁ ከጭንቅላትዎ መሃል መምጣት አለበት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ማዳመጫውን ገልብጠው ያድርጉት፤ ዝንባሌው አብሮ ከተገለበጠ ወይ የማዳመጫው ሁለት ጎኖች እኩል አይደሉም፣ ወይ ስልክዎ ላይ ያለው የግራና ቀኝ ማስተካከያ ተነካክቷል። ካልተገለበጠ ልዩነቱ ከራስዎ ጆሮ ወይም ከአገጣጠሙ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ሳያወልቁ ይቆዩ፤ ሃያ ደቂቃ ካገኙ መልካም ነው። ሕመም በሁለት ደቂቃ ውስጥ አይታይም። ሻጩ ሳጥኑን መክፈት ካልፈቀደ ያንኑ ዓይነት ከያዘ ጓደኛ ተውሶ መሞከር ከሳጥን ንባብ ይሻላል።

ጫጫታ የሚያጠፋው ዓይነት የታክሲውን ረዳት ዝም ያሰኛል?

አያሰኝም። የዚህ ማዳመጫ አሠራር እንዲህ ነው፤ በላዩ ያሉት ትናንሽ ማይክሮፎኖች የውጭውን ድምፅ ይሰማሉ፤ ውስጡ ያለው ኮምፒውተር የዚያን ድምፅ ተቃራኒ ይፈጥራል፤ የውጭው ድምፅ አየሩን ሲገፋ ማዳመጫው ይስባል፣ ሲስብ ይገፋል። ሁለቱ ይጣፋሉ። ይህ የሚሳካው ድምፁ ወፍራምና ሳይቋረጥ የሚቀጥል ሲሆን ነው፤ የአውቶቡስ ሞተር፣ የጄኔሬተር ጉርምርምታ፣ የአውሮፕላን እምምታ። «አራት ኪሎ! ፒያሳ!» የሚለው ጥሪ ግን ድንገተኛና ቀጭን ስለሆነ በአብዛኛው ያልፋል። ለእርሱ መድኃኒቱ በደንብ የገጠመ ጎማ ወይም ስፖንጅ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ነው ሙሉ ጸጥታ የሚቀርበው።

ጠንቀቅ ማለት የሚያስፈልገው በሁለት ተመሳሳይ ምህጻረ ቃላት ላይ ነው። «ኤኤንሲ» ማለት እርስዎ የሚሰሙትን ጫጫታ የሚያጠፋ ነው። «ኢኤንሲ» የሚለው ግን ሲደውሉ ወደ ማይክሮፎኑ የሚገባውን ጫጫታ ለመቀነስ የተሠራ ነው፤ ጥቅሙ በወዲያኛው ጫፍ ላለው ሰው እንጂ ለእርስዎ ጆሮ አይደለም። በላቲን ፊደል ሲጻፉ የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው፤ ብዙ ርካሽ ማዳመጫዎች ሁለተኛውን ይዘው እንደ መጀመሪያው ይሸጣሉ። ከመግዛትዎ በፊት ማብሪያ ማጥፊያ እንዳለው ይጠይቁ፤ ዘፈን ሳይከፍቱ አብርተው ያጥፉት። የመንገዱ ጉርምርምታ ካልተለወጠ የለውም።

መስቀል አደባባይን ወይም ቸርችል ጎዳናን ሲያቋርጡ ግን ያጥፉት፤ መኪና መምጣቱን መጀመሪያ የሚነግርዎት ጆሮዎ ነው።

ሽቦ ወይስ ብሉቱዝ?

ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ይልካል። ዛሬ ጭመቃው ጥሩ ስለሆነ ታክሲ ውስጥ ልዩነቱን የሚሰማ ሰው ጥቂት ነው። የሚታየው ችግር መዘግየቱ ነው፤ ድምፁ ከምስሉ በጥቂቱ ዘግይቶ ይደርሳል። ፊልም ማሳያ መተግበሪያዎች ይህን ያካክሳሉ፤ ኪቦርድ ለሚጫወት ወይም ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ግን አይመችም። ባትሪም ያረጃል፤ በብዙዎቹ ላይ ደግሞ አይቀየርም። ባለ ሽቦው መብራት ቢጠፋም ይሠራል፣ በዚያው ዋጋ ብዙ ጊዜ የተሻለ ድምፅ ይሰጣል።

አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 በአይፎን 7 ላይ የጃኩን ቀዳዳ ካስቀረ ወዲህ ብዙ ስልኮች ተከትለውታል። መገናኛ ገመድ የሚገዛ ሰው ስልኩን ይዞ ሄዶ እዚያው ይሞክር፤ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ቁራጭ በውስጡ የሌለው ገመድ በብዙ ስልኮች ላይ ጭራሽ አይሠራም።

ስንት ሲሆን ነው ጆሮ የሚጎዳው?

የድምፅ ከፍታ የሚለካው በዴሲቤል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት 80 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት ነው፤ ለልጆች 75 ዴሲቤል። ዴሲቤል በ3 በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ 83 ሲሆን 20 ሰዓት፣ 86 ሲሆን 10 ሰዓት እያለ ይወርዳል። 100 ሲደርስ ለሳምንቱ የሚቀረው ከግማሽ ሰዓት በታች ነው። የድምፁ መቆጣጠሪያ ከ60 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል ይላል ድርጅቱ። ከ1 ቢሊዮን በላይ ወጣቶች የመስማት ችሎታ በዚህ ልማድ ምክንያት አደጋ ላይ እንደሆነም ይገምታል።

በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፁን የሚቀበሉት የጸጉር ሴሎች አንድ ጊዜ ከሞቱ በሰው ላይ አይተኩም። መሃል ከተማ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ የማይገጥም ማዳመጫ ያደረገ ሰው ሞተሩን፣ ሬዲዮውንና ጥሩምባውን ለማሸነፍ ድምፁን እስከ መጨረሻው ይከፍታል፤ በደንብ የገጠመለት ሰው ግን ያንኑ ዘፈን በግማሹ ይሰማዋል። ለዚህ ነው ስለ ጎማና ስለ ስፖንጅ ያን ያህል የተናገርኩት። ካወለቁ በኋላ ጆሮዎ የሚያፏጭ ከሆነ ያዳመጡት ከልክ በላይ ነበር፤ ፉጨቱ ካልቆመ የጆሮ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል።

ከተገዛ በኋላ?

ሰው ሠራሽ ቆዳ የለበሰ ስፖንጅ በላብና በቅባት እየተላጠ ያልቃል፤ ስለዚህ ስፖንጁ የሚወልቅና የሚተካ መሆኑን ሲገዙ ይጠይቁ። ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ዓይነት አንዱ ጎኑ ዝቅ ካለ ተበላሸ ብለው አይጣሉት፤ ጎማውን አውልቀው ከሥሩ ያለችውን ወንፊት ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ የጆሮ ኩክ ዘግቷት ነው። አፏን ወደ መሬት አዙረው በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ቢያራግፏት ድምፁ ይመለሳል።